አትክልትን በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች ማቀዝቀዝ

በእንስራ የተቀመጠ ውሃ በጀሪካን ካለው ይልቅ የሚቀዘቅዘው፣ ከሸክላው የሚያዣው ጥቂት ውሃ በውጭ በኩል ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ወደ 2,400 ኪሎጁል ይጠጋል፤ ይህም ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ መፍያው ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ በማስቀመጥ ይህን ዘዴ ለገበሬዎች አዳርሰው በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት አግኝተዋል።

ማሰሮ ከመግዛት በፊት ግን አየሩን መፈተሽ ይገባል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልለው ያራግቡት፤ ወርዶ የሚቆምበት ቁጥር ማሰሮው ከዚያ በታች ሊቀዘቅዝ የማይችልበት ወሰን ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 በመቶ ብቻ ከሆነ ንባቡ ወደ 19 ዲግሪ ሲወርድ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን ከ32 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በአፋር ደረቅ ወራት በሚገባ የሚሠራው ማሰሮ በጋምቤላ ክረምት ድካሙን አይክስም።

ማሰሮዎቹ ያልተሟሹና ቅባት ያልነካቸው ይሁኑ፤ የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ውሃ አያሳልፍም። በትልቁ ማሰሮ ግርጌ አሸዋ አንጥፈው ትንሹን አፋቸው እኩል እስኪሆን ያስቀምጡ፤ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተትም በአሸዋ ሞልተው ያርሱት። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ያኑሩት፤ አሸዋውንም ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። ለቲማቲም፣ ለካሮትና ለጎመን ተስማሚ ነው። ሽንኩርት ግን እርጥበት ስለሚያበሰብሰው አይቀመጥበትም፤ ሥጋና ወተትም የማቀዝቀዣ ያህል ቅዝቃዜ ስለሚሹ በፍጹም አይታመኑበትም።

የፋብሪካ የማቀዝቀዣ ማማዎችም (በፋብሪካው ሲዘዋወር የሞቀውን ውሃ የሚያቀዘቅዙ ረጃጅም ግንቦች) የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚዘዋወረው ውሃ በ6 ዲግሪ ያህል እንዲቀዘቅዝ 1 በመቶ ገደማው ይተናል። የተነነው ንጹሕ ውሃ ስለሆነ ጨው በቀሪው ውስጥ እየበዛ ይሄዳል፤ በመሆኑም ከፊሉን እያፈሰሱ በአዲስ ይተኩታል። በማሰሮውም ውጫዊ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲታይ ምክንያቱ ይኸው ነውና፣ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈው በብሩሽ ይፈግፍጉት፤ አሸዋውንም አጥበው ይመልሱ። ከዚህ በኋላም የማሰሮው ውጫዊ ገጽ ካልረጠበ ውጩን ማሰሮ መቀየር ያስፈልጋል።