የዝንብ ፕሮቲን የሴል ሽፋን ላይ መድረሱን እንዴት ማየት ይቻላል

የፍራፍሬ ዝንብ ሴል ውስጥ መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን ተሠርቶ፣ ፕሮቲን በሚደራጅበት የሴል ክፍል፣ በጎልጂ፣ በኩል አልፎ፣ በትናንሽ ከረጢቶች ተጭኖ ወደ ሽፋኑ ይወጣል። ስሙዝንድ የሚባለው ግን ቢደርስም አይረጋም፤ ሄጅሆግ የሚባለው፣ ሴሎች የሚላላኩበት ፕሮቲን መልእክት ከሌለ ተመልሶ ይዋጥና ይፈርሳል። ስለዚህ ውጭ ያለውን ውስጥ ካለው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ምግቡ። ለ1 ሊትር ውኃ 8 ግራም አጋር፣ 70 ግራም የበቆሎ ዱቄት፣ 60 ግራም ስኳር፣ 20 ግራም ደረቅ እርሾ። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ዱቄቱ ቶሎ አይበስልም፤ እንደ ገንፎ እያማሰላችሁ ጊዜ ስጡት። ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ 5 ሚሊ ሊትር ፕሮፒዮኒክ አሲድ ጨምሩ፤ አለዚያ ሻጋታ ይቀድማችኋል።

ጠርሙሱን 25 ዲግሪ ላይ አቆዩ። እንቁላል ከተጣለ 5 ቀን ገደማ ሲሆነው የደረሱት እጮች ከምግቡ ወጥተው ግድግዳውን ይይዛሉ። 18 ዲግሪ ላይ ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ በኅዳር ውርጭ መስኮት ሥር ያሳደረ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ደግሞ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፦ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ወንዶቹ ይመክናሉ።

ግድግዳ የያዘውን እጭ ቀዝቃዛ የፎስፌት ጨው ውኃ ውስጥ አስገቡ። በሁለት ወረንጦ ወገቡን በጥሱና በራሱ በኩል ያለውን ግማሽ አፉን ይዛችሁ እንደ ካልሲ ገልብጡት። ክንፍ የሚሆነው ጠፍጣፋ ቡቃያ የአየር ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ አትገንጥሉት፣ ከቆዳው ጋር ይታጠብ።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ፎርማልዲሃይድ ሳይነካው፣ የስሙዝንድን የውጭ ጫፍ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) በረዶ ላይ ለ30 ደቂቃ ስጡት። ቅዝቃዜው ሴሉ ፕሮቲኑን መልሶ እንዳይውጥ ያግደዋል። በቀዝቃዛ ጨው ውኃ አምስት ጊዜ እጠቡ፣ በ4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ ባለበት እንዲጸና አድርጉ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን የሚይዝና የሚያበራ ሁለተኛ አንቲቦዲ ጨምሩ። ትራይተን የሚባለው ሳሙና መሰል ፈሳሽ እስከዚህ ድረስ አይግባ፤ ሽፋኑን ስለሚበሳው ውስጥ ያለው ሁሉ ይበራና ልፋታችሁ ከንቱ ይሆናል።

አንድ ሌላ እጭ በዚሁ መንገድ፣ ግን በቱቡሊን አንቲቦዲ ሥሩ። ቱቡሊን የሴሉ የውስጥ አጽም ፕሮቲን ነው፤ የሚገኘው ውስጥ ብቻ ስለሆነ መብራት የለበትም። ከበራ ሴሎቹ ተቀደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወረንጦው ነው።

ሥራው ከሰመረ የቡቃያው የኋላ ግማሽ ደምቆ፣ የፊቱ ግማሽ ሁለቱ ከሚገናኙበት ድንበር ጠርዝ በስተቀር ደብዝዞ ይታያል፤ ሄጅሆግ የሚመነጨው ከኋላ ነውና። ሁለቱም ከደበዘዙ አንቲቦዲው የሚይዘው የፕሮቲኑን የውስጥ ጭራ እንዳይሆን አረጋግጡ።