የስኳር ውጤትና የውፍረት መቀነሻ መርፌ ላይ ያሉ ቃላት እንዴት ይነበባሉ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም የስኳር ክትትል ያለው ሰው ከሐኪም ዘንድ ሲወጣ በእጁ የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ ይይዛል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ያውም በምህጻረ ቃል የታጨቁ ናቸው። ሁሉን ቃል ማወቅ አያስፈልግም። ቁጥሩ በምን እንደተለካ፣ የመድኃኒቱ ዋና ስም ማን እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ ለይቶ ያወቀ ከብዙ ስህተት ይድናል።

መጀመሪያ መለኪያውን፣ ከዚያ ቁጥሩን

በአገራችን ላቦራቶሪዎች ስኳር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ዘመድ ከአውሮፓ የላከው መለኪያ ግን በሚሊሞል በሊትር ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው 9 ሲል «ስኳሬ ወረደ» ብሎ ማር የሚልስ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ 9 ሚሊሞል ማለት 162 ሚሊግራም ነውና። ሚሊሞሉን በ18 ያባዙት።

ወረቀቱ ላይ «ኤፍ ቢ ኤስ» ካለ በባዶ ሆድ የተለካ ማለት ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም መቅመስ አይገባም፤ የጠዋት ቡናም ይቆይ። ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126ና ከዚያ በላይ ስኳር ይባላል። ምልክት የሌለው ሰው በአንድ ምርመራ ብቻ አይፈረድበትም፤ ይደገማል። «አር ቢ ኤስ» በማንኛውም ሰዓት የተለካ ነው፤ ውሃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና ክብደት መቀነስ እያለ 200ና በላይ ከሆነ ስኳር ነው። «ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ» ደግሞ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ በመቶኛ ያሳያል፦ ከ5.7 በታች ጤናማ፣ 6.5ና በላይ ስኳር። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ጎመን ብቻ በመብላት አይታለልም። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይህ ውጤት ሊዛባበት ስለሚችል አስቀድሞ ይናገር።

ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ትንሹን ስም ያንብቡ

ማሸጊያው ላይ በጉልህ የተጻፈው ፋብሪካው ለመድኃኒቱ ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ዋናው ከሥሩ በደቃቅ የተጻፈው ነው። ግሉኮፋጅ ሜትፎርሚን ነው፤ ዳኦኒል ግሊቤንክላማይድ ነው። ከአንዱ ፋርማሲ በአንድ ስም፣ ከሌላው በሌላ ስም ገዝቶ አንዱኑ መድኃኒት እጥፍ የሚውጥ ሰው ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድ ማወኩ ይቀንሳል። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያፈልቅ ስለሚገፋ ሳይበሉ መዋጥ ስኳርን ይጥላል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ይህን ክኒን መዋጥ የለበትም፤ ጾሙ ሳይገባ የሰዓቱን ለውጥ ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ከ70 በታች የወረደ ስኳር ላብ ያመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያደነዝዛል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መዋጥ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት ይወሰዳል።

የውፍረት መቀነሻ መርፌዎች

ኦዜምፒክና ዌጎቪ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ሴማግሉታይድ። የመጀመሪያው ለስኳር፣ ሁለተኛው ለውፍረት ተፈቀደ። ማውንጃሮና ዜፕባውንድም እንዲሁ ሁለቱም ቲርዜፓታይድ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ይወጋሉ። ኢንሱሊን አይደሉም፤ ኢንሱሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አቁሞ በእነሱ መተካት፣ በተለይ ሰውነቱ ኢንሱሊን ለማያመነጭ የዓይነት 1 ስኳር ታካሚ፣ ሕይወት ያሳጣል።

ሴማግሉታይድ በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ ከ4 ሳምንት በኋላ ወደ 0.5 ያድጋል። «ቶሎ ልክሳ» ብሎ መጠኑን መዝለል ብርቱ ማቅለሽለሽና ትውከት ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን የሚሊግራምና የዩኒት መቀላቀል ነው። ዩኒት በኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ የፈሳሽ ልክ ነው፤ «ዩ 100» በተባለው ስሪንጅ 100 ዩኒት 1 ሚሊሊትር ይሆናል። በብልቃጥ የመጣ መድኃኒት በ1 ሚሊሊትር 2.5 ሚሊግራም ካለው 10 ዩኒት 0.25 ሚሊግራም ነው፤ 5 ሚሊግራም ካለው ያው 10 ዩኒት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «10 ዩኒት ውጋ» የሚል የጓደኛ ምክር አይሠራም። ጥንካሬው ያልተጻፈበትን ብልቃጥ አይግዙ።

ነፍሰ ጡር፣ የቆሽት ብግነት ታሪክ ያለው ወይም በቤተሰቡ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር የታየ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ወደ ጀርባ የሚወጋ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም ከመጣ መርፌውን አቁሞ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የማዘዣው ምህጻረ ቃላት

«ኦ ዲ» በቀን አንዴ፣ «ቢ አይ ዲ» ሁለቴ፣ «ቲ አይ ዲ» ሦስቴ ነው። ሰዓት ከተጻፈ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል «8 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው?» ብለው ያረጋግጡ።

ማሸጊያው ላይ ያለው «2–8» የማስቀመጫ ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ አድርጎ ወደ ደጀን ኢንሱሊን የሚያመጣ ሰው ከእጁ አይለየው፤ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከተጫነ ሙቀቱ ያበላሸዋል። በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ስህተት ነው። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም፤ ይጣላል።