ብዙ ሰው ያኮረፈበትን ሦስተኛውን ኢቫንጀሊየን እንዴት እንየው?

የጃፓኑን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ኢቫንጀሊየን 3.0ን ጀምራችሁ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብላችሁ መሃል ላይ ዘግታችሁት ከሆነ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓን ውስጥ ሲኒማ ከገባ ጀምሮ አድናቂውን ለሁለት የከፈለ ፊልም ነው። እኔ ከወዳጆቹ ወገን ነኝ። ከአራቱ ፊልሞች እሱን የሚያህልብኝ የለም። ግን እንደመጣ ከታየ ያናድዳል፣ ስለዚህ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ስፖይለር (ታሪኩን አስቀድሞ የሚያወጣ ነገር) አለው፣ አልተነገረንም እንዳትሉኝ።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። የ2007ቱን 1.0፣ ቀጥሎ የ2009ኙን 2.0፣ ከዚያ ይሄን። የ1995ቱን የቴሌቪዥን ተከታታይ ሙሉውን ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ 24ኛውን ክፍል እዩ፤ ካዎሩ የሚባለው ልጅ ማን እንደሆነና ግዙፍ የውጊያ ሮቦት የሚነዳው ዋናው ገጸ ባሕርይ ሺንጂ ምን እንዳደረገው ካወቃችሁ 3.0 ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ልባችሁ ሌላ ነው የሚሆነው። 2.0ን ደግሞ ዋዜማው ላይ እዩት፣ ስሜቱ ሳይበርድ። መጨረሻው ላይ ያለውን የቀጣዩን ፊልም ማስታወቂያ ግን እርሱት። እዚያ የሚታዩት ትዕይንቶች 3.0 ውስጥ የሉም፣ የብዙ ሰው ኩርፊያም የሚጀምረው እዚያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፊልሙን እያቆማችሁ ማብራሪያ አትፈልጉ።

ሺንጂ ሲነቃ 14 ዓመት አልፏል። አብራው ትኖር የነበረችው ሚሳቶ በደንብ እንኳ አታየውም፣ አንገቱ ላይ ሊገድለው የሚችል ቀለበት ታስሮበታል፣ ምንም ነገር እንዳያደርግም ይታዘዛል። የቀድሞ ባልደረባው አሱካ አንድ ዓይኗን ሸፍና ትመጣና ቡጢዋን ወደ ፊቱ ትሰነዝራለች። በመሃላቸው ያለው መስታወት ይሰነጠቃል። ለምን? ማንም አይነግረውም። ለእኛም አይነግሩንም። ብዙዎች ይሄን የድርሰት ድክመት ይሉታል፣ እኔ ግን የፊልሙ ልብ እዚህ ነው ባይ ነኝ፤ 2.0 መጨረሻ ላይ ሺንጂ ሌላዋን ባልደረባውን ሬይን ለማዳን ዓለሙን ሁሉ ሲረሳ እኛም አብረን ጮኸንለት እኮ፣ ዋጋው ስንት ነው ብለን አልጠየቅንም። ስለዚህ ግራ ሲገባችሁ ዝም ብላችሁ ግራ ይግባችሁ። እሱም እንደዚያው ነው።

አንድ ቅሬታ ግን እቀበላለሁ። ሺንጂ ከነቃበት የሚሳቶ መርከብ ሰዎች አንዱ ቁጭ አድርጎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግረው ልጁ ጥሏቸው ባልሄደ ነበር። እውነት ነው፣ ያበግናል። የመክፈቻው የጠፈር ውጊያም ጫጫታ ይበዛዋል፤ ቃላቱን ሁሉ ልያዝ አትበሉ፣ የሚሳቶ ቡድን ቪሌ እንደሚባልና ጠላቱም የሺንጂ አባት የሚመራው ድርጅት ኔርቭ እንደሆነ ካወቃችሁ ይበቃል።

ፒያኖው ጋ ስትደርሱ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ሺንጂ መጀመሪያ ይፈራል፣ ጥቂት ድምፅ ብቻ ይነካካል፣ ካዎሩ ይከተለዋል፣ ቀስ በቀስ አራት እጅ አንድ ዜማ ይሆናል። እንዴት ላሻሽል ብሎ ሲጠይቀው ካዎሩ የሚመልስለት ደስ እስኪልህ ድረስ እየደጋገምክ ተለማመድ የሚል ነው። የፊልሙ ርዕስ ደግሞ እንደገና መሥራት ስለመቻልና አለመቻል ነው! ፒያኖ ላይ የተሳሳተውን መድገም ይቻላል። ልጁ ያንኑ ነገር በእሱ ሰበብ በፈራረሰው ዓለም ላይ ሊሞክር ሲነሳ ምን እንደሚመጣ ሁለተኛው አጋማሽ ያሳያችኋል፣ እና እኔ ስንቴ አይቼው አሁንም «ተው፣ አትንካው» እላለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ሺንጂን ተዉትና ሚሳቶን ተከተሉ። ሬይ ልትወስደው ስትመጣ የቀለበቱ መቆጣጠሪያ ሚሳቶ እጅ ውስጥ ነው። አትጫነውም። መጀመሪያ ሳየው ጨካኝ ናት ብዬ ነበር፣ ያቺን ቅጽበት ካስተዋልኩ በኋላ ግን ፊቷን ማንበብ ጀመርኩ።

አራተኛው ፊልም የወጣው በ2021 ነው፣ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ። የያኔው ተመልካች በዚያ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የከረመው፤ ንዴቱ አይገርመኝም። እናንተ መጠበቅ የለባችሁም። ግን 155 ደቂቃ ስለሆነ ለማግስቱ አቆዩት። እስከዚያ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሺንጂ በተሰጠው ሸሚዝ ላይ የድሮ ጓደኛው የቶጂ ስም ተጽፎ ያገኛል፣ ሲያነበውም ይረበሻል። ያንን ስም እንዳትረሱት። አራተኛው ፊልም ገና በመጀመሪያው ክፍል ይመልስላችኋል።