ምስሉ ለምን ርካሽ እንደሚመስል ገባኝ

አጭር ፊልማችንን ቀርፀን ስናየው ክው አልኩ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ተዋናዮቹም ጎበዞች ናቸው፤ ምስሉ ግን በችኮላ የተቀረፀ የስልክ ቪዲዮ ይመስላል። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ። አልነበረም።

ጥፋቱ ሁሉንም ነገር ለአውቶማቲክ መተዌ ነበር። ተዋናይዋ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ምስሉ ይጨልማል፣ ስትርቅ ይፈካል፣ ፊቷም አንዴ ብርቱካናማ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል።

ስለዚህ አውቶማቲኩን አጠፋሁ። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሸተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ ዋይት ባላንሱ (የቀለሙ ሚዛን) ለትዕይንቱ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ የተቆለፈ። ደጅ ላይ ብርሃኑ ሲበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ሌንሱ ላይ ገጠምኩ፤ ብርሃኑን ለመቀነስ ሸተሩን ካፈጠኑት እንቅስቃሴው ይቆራረጣል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን መብራት ማጥፋቴ ነው። የጣሪያውን አምፖል አጥፍቼ ተዋናይዋን መስኮቱ በጎኗ እንዲሆን አስቀመጥኳት፣ ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ሁለት ሜትር ያህል አራቅኳት፣ ጥላ በወደቀበት ጉንጯ በኩል ደግሞ ነጭ ካርቶን ያዝኩላት። በቃ! የመስኮቱ ብርሃን አይኗ ውስጥ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ሲያበራ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ድምፁንም በካሜራው ማይክ መቅዳት ትቻለሁ። ማይኩን ምስሉ ውስጥ እንዳይታይ ከላይኛው ጫፉ በላይ፣ ከአፏ ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ አንጠልጥለን ያንኑ ትዕይንት ደገምነው። የክፍሉ ማስተጋባት በአንዴ ቀነሰ።