ለቅጠል ጅራት ጌኮ ቤት ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅራቱ የደረቀ ቅጠል፣ ቆዳው የዛፍ ቅርፊት የሚመስል እንሽላሊት ነው። በዱር የሚገኘው ማዳጋስካር ውስጥ ብቻ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆነው ልጅዎ «ይሄን ካልገዛችሁልኝ» ብሎ ድርቅ ካለ፣ እንስሳውን ከመግዛትዎ በፊት ቤቱን ያስቡበት። ስህተቱ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ማሞቂያ አምፖል መግዛት

ሱቅ ሲገቡ ሻጩ ሳጥኑን፣ አምፖሉንና የሚሞቀውን ድንጋይ አንድ ላይ ጠቅልሎ ሊሰጥዎት ይችላል። ያ ዕቃ የበረሃ እንሽላሊት ዕቃ ነው። ቅጠል ጅራት ጌኮዎች ግን አብዛኞቹ የዝናባማ ደን እንስሳት ናቸው። ለምሳሌ ዩሮፕላተስ ፋንታስቲከስ የሚባለው ትንሹ ዝርያ የሚኖረው እንደ ራኖማፋና ባሉ የምሥራቅ ማዳጋስካር ተራራማ ደኖች ነው። እዚያ ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል።

ለዚህ ዝርያ ቀን ላይ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበቃዋል፤ በፋራናይት ከ68 እስከ 75 መሆኑ ነው። ሌሊት ከዚያም ወረድ ቢል ይወዳል። 27 ዲግሪን ካለፈ ግን አደጋ ነው። ሄንከሊን የመሳሰሉት ትልልቆቹ ሙቀቱን ትንሽ ይችሉታል እንጂ እነሱም የፀሐይ ወዳጆች አይደሉም። እውነቱን ለመናገር የአዲስ አበባ የጥቅምት አየር ቢገኝላቸው ሌላ ነገር ባልፈለጉ ነበር።

ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ ችግሩ ብርድ ሳይሆን የበጋው ሙቀት ነው። ኤሲ የሌለው የላይኛው ፎቅ አይሆንም። ቤዝመንት ካለዎት ግን ጥሩ ነው። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይግዙና ክፍሉን ለጥቂት ቀናት ይለኩ፤ ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደግሞ መስኮት ሥር እንዳያስቀምጡት። ፀሐይ ያረፈበት የመስታወት ሳጥን ምድጃ ነው።

እርጥበትን ከመዘፍዘፍ ጋር ማምታታት

እርጥበት ይወዳሉ ሲባል የሰማ ሰው ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ቀን ከሌሊት ውኃ ይረጫል። መስታወቱ ላብ በላብ ይሆናል፣ አፈሩ ይሸታል፣ እንስሳው ይታመማል። ደን ውስጥ ግን ዝናቡ ይዘንባል፣ ያባራል፣ ነፋሱም ያልፋል። ማታ ሲረጩ እርጥበቱ 90 በመቶ አካባቢ ይድረስ፤ ቀን ላይ ወደ 70 ይውረድ። ለዚህ ክዳኑ ወንፊት፣ ፊት ለፊቱም አየር ማስገቢያ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል። ጠዋት ቅጠሉ ላይ ጠብታ ካለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስታወቱ ደርቆ ካገኙት በትክክል እየሄደ ነው። ሲከፍቱት የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ከመጣ አየር አይዘዋወርም ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። አራቱም ጎኑ ወንፊት የሆነ ሳጥን በበረዶ ወቅት ሂተር ሲለኮስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክው ብሎ ይደርቃል።

የውኃ ሳህን ብቻ ማስቀመጥም አያዋጣም። የሚጠጡት ከቅጠልና ከመስታወት ላይ ጠብታ እየላሱ ነው። የዓይን ቆብ ስለሌላቸው ዓይናቸውንም የሚያጸዱት በምላሳቸው ነው፤ ሲረጩላቸው ቆመው ቢያዩ ደስ ይላል።

አጭርና ሰፊ ሳጥን

ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ ቁመት እንጂ ወለል አይፈልግም። ለፋንታስቲከስ ጥንድ 45 በ45 ሆኖ 60 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ሳጥን ይበቃል። ፊምብሪያተስ የሚባለው ትልቅ ዝርያ ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ለእሱ ቁመቱ ቢያንስ 90፣ ቢቻል 120 ይሁን።

ከመጠኑ በላይ ሰዎች የሚስቱት ግን ውስጡን ነው። ፊምብሪያተስ ቀን ሙሉ ግንድ ላይ ተለጥፎ፣ ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይውላል። በመንጋጋውና በጎኑ ዙሪያ የቆዳ ዘርፍ አለው፤ ዘርፉን ቅርፊቱ ላይ ሲዘረጋው ጥላው ይጠፋና እንስሳው የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ግንዱም የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት ያቅታል። ስለዚህ ከሰውነቱ የሰፋ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ያስፈልገዋል። ቀጫጭን እንጨት ብቻ ካገኘ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሌሊት ሲንቀሳቀስም አፍንጫውን እየፈተገ ያቆስላል። ፋንታስቲከስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ቅጠላቸው የደረቀ ቀጫጭን ቅርንጫፎች መሃል ነው የሚሸሸገው። የአንዱን ቤት ለሌላው ልስጥ ቢሉ አይሠራም።

የቀሩት በአጭሩ

ሌሊት የሚንቀሳቀሱ ናቸውና ኃይለኛ መብራት አያብሩባቸው። ለዕፅዋቱ ሙቀት የሌለው ኤልኢዲ በቂ ነው። ለምግብ ከሰጧቸው ክሪኬቶች (ፌንጣ መሰል ነፍሳት) ያልተበሉትን ሳጥኑ ውስጥ አይተዉ፤ የተኛውን እንስሳ ይነክሱታል። ሳጥኑንና ጌኮውን በአንድ ቀን ገዝቶ ማምጣትም አይመከርም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ እስኪረጋጋ ሳጥኑ ባዶውን ይቆይ።

ሲገዙ እዚሁ ሰው እጅ ላይ የተፈለፈለ መሆኑን ይጠይቁ። ከዱር የተያዘው ብዙ ጊዜ ውኃ ጠምቶት፣ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ነው የሚደርሰው። ዝርያዎቹ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛ መዝገብ ስለገቡ ከአገር አገር የሚሻገሩት በፈቃድ ነው፤ ወረቀቱን ይመልከቱ።

ወለሉ ላይ ደረቅ ቅጠል ጠቀም አድርገው ይበትኑ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት እንቁላል የምትጥለው ከእሱ ሥር ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቅጠል ጠርገው ከመጣልዎ በፊት በእጅዎ ቀስ ብለው ይፈትሹት።