ዓይን ሲደበዝዝ፦ ከመነጽር በፊት የወረቀት ቀዳዳ

መነጽር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ወፈር ያለ ወረቀት በስክሪብቶ ጫፍ ብሱ፤ ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። አንድ ዓይናችሁን ሸፍኑና በሌላው፣ በቀዳዳው በኩል፣ የደበዘዘባችሁን ጽሑፍ እዩ። ከጠራ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መነጽር የሚፈታው ነው። ካልጠራ ግን ገንዘባችሁን ለመነጽር አታውጡ፤ መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ይያችሁ። ሁለቱንም ዓይን ለየብቻ ሞክሩ። ደህናው የደከመውን ስለሚሸፍንለት፣ ብዙ ሰው አንድ ዓይኑ መድከሙን የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው።

«ሩቁ ይደበዝዝብኛል»

የአውቶቡሱን ቁጥር የምታነቡት አጠገባችሁ ሲደርስ ነው? (በሚኒባስ ለሚሄድማ ረዳቱ እየጮኸ ስለሚነግረው ችግሩ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል።) ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዓይን ኳስ ትንሽ መርዘሙ ነው። ምስሉ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ያርፋል። መፍትሔው ማይነስ ሌንስ ነው።

የሌንሱን ቁጥር ቤት ሆናችሁ መገመት ትችላላችሁ። ያለ መነጽር ጽሑፍ የሚጠራላችሁ እስከ 1 ሜትር ድረስ ከሆነ ማይነስ 1 ገደማ ናችሁ። እስከ ግማሽ ሜትር ከሆነ ማይነስ 2፣ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማይነስ 4። ለማዘዝ አይበቃም፤ የት እንዳላችሁ ግን ይነግራችኋል።

ከሰሌዳው ትቶ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ካላችሁ አስመርምሩት። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የሚሉትን አትስሙ። ቁጥሩ የሚጨምረው ልጁ ሲያድግ ዓይኑም አብሮ ስለሚረዝም ነው። አንድ ዓይኑ የሚንሸዋረር ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይቆይ። አእምሮ ያንን ዓይን መጠቀም ይተወዋል፤ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በኋላ መመለሱ በጣም ይከብዳል።

«ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ»

ምስር ስትለቅሙ ድንጋዩ እያመለጣችሁ ነው? ስልካችሁን እያራቃችሁ፣ እያራቃችሁ እጃችሁ አጠረ? 40ን ካለፋችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ማንም አያመልጠውም። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይጠነክራል፤ ለቅርብ ቅርጹን መለወጥ ያቅተዋል። መፍትሔው ፕላስ ሌንስ ነው። በ40ዎቹ አጋማሽ ፕላስ 1 ወይም 1.50፣ 60 ሲጠጋ 2.50 ገደማ።

መንገድ ላይ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ዓይን አያበላሽም። ግን ሁለቱም ሌንሶች እኩል ቁጥር ናቸው። ዓይኖቻችሁ ከተበላለጡ ራስ ምታት ነው ትርፉ።

«ሩቁም ቅርቡም ጥላ አለው»

አስቲግማቲዝም ሊሆን ይችላል። የዓይን የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ፣ እንደ ኳስ በመክበብ ፈንታ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን የሚመጣ ነው። ሌንሱ ሲሊንደር የሚባል ቁጥርና ማዕዘን አለው። ስለዚህ ክብ ፍሬም ውስጥ ሌንሱ ላልቶ ከዞረ ብዥታው ይመለሳል፤ ዓይናችሁ ሳይሆን ብሎኑ ነው የተበላሸው።

አዲስ መነጽር መሬቱን ቢያዘነብልባችሁ ለጥቂት ቀናት ታገሱት። ሁለት ሳምንት ካለፈው ማዘዣውን ይዛችሁ ተመለሱ። የሌንሱ መሃል ከዓይናችሁ ብሌን ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

መነጽር የማይፈታው

አንዳንድ አዛውንት ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራሉ፤ ቤተሰቡም «ዓይናቸው ተመለሰ» ብሎ እልል ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የዓይን ሞራ ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየደፈረሰ ሲጠነክር ቅርቡን ለጊዜው ያጠራል፣ ሩቁን ያደበዝዛል፣ በኋላ ሁለቱንም ይጋርዳል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል።

እይታችሁ ዛሬ ጠርቶ ነገ የሚደበዝዝ ከሆነ ስኳራችሁን ተመርመሩ። ስኳሩ ሳይረጋጋ የተሠራ መነጽር ከወር በኋላ ላይሆናችሁ ይችላል።

ድንገት የመብረቅ ብልጭታ፣ የነጠብጣብ መንጋ ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ ካያችሁ ግን መነጽሩን እርሱት። ሬቲናው እየተላጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ባያማችሁም እንኳ የዚያኑ ዕለት የዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሂዱ።