ሁለት መድኃኒት በአንድ መርጫ፦ ንብንና ጠቃሚ ነፍሳትን የሚያስጨርሱ ስህተቶች

ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን በመውጣት በሐረማያና በአወዳይ በኩል ወደ ሐረር ለሚጓዝ ሰው፣ መንገዱ ግራና ቀኙ ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት ነው። ማሳዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የአንዱ ጫት ከሌላው ድንች ጋር ድንበር ይጋራል። እዚህ የሚረጭ ኬሚካል የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በብዙዎች ዘንድ ልብ ያልተባለው ነገር ደግሞ ኬሚካሎቹ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ጉዳት ነው። የእያንዳንዱን መርዛማነት ደምሮ ጉዳቱን መገመት አይቻልም።

“ሲደባለቅ ይበረታል” ብሎ መቀላቀል

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ለቅጠል በሽታ የተገዛ ፀረ-ፈንገስ፣ ለትል የተገዛ ፀረ-ነፍሳት፣ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ደግሞ ጥቂት ዱቄት ሳሙና፣ ሁሉም በአንድ የጀርባ መርጫ ይበጠበጣሉ። አንዴ ተረጭቶ ስለሚያልቅ ጊዜና ጉልበት ይቆጥባል፤ ለዚህም ነው ልማዱ የማይለቅቀው።

ንብ ወደ ሰውነቷ የገባውን መርዝ ሰባብራ የምታስወግድባቸው ኢንዛይሞች አሏት። ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞልን የመሳሰሉ ፀረ-ፈንገሶች የሚሠሩት በፈንገሱ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም በማገድ ነው። ችግሩ የንቧ መርዝ አስወጋጅ ኢንዛይሞችም የዚያው ቤተሰብ መሆናቸው ነው። ፀረ-ፈንገሱ ብቻውን ንቧን ላይገድላት ይችላል፤ መከላከያዋን ግን ያዳክመዋል። በዚህ ላይ እንደ ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ያለ ፀረ-ነፍሳት ሲጨመር፣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ልትቋቋመው የምትችለው መጠን ሊገድላት ይችላል።

የጉዳቱ መጠን እንደ ጥንዱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት ፕሮፒኮናዞል ቲያክሎፕሪድ የተባለ ፀረ-ነፍሳት በንብ ላይ ያለውን መርዛማነት በመቶዎች እጥፍ እንዳሳደገው አሳይቷል። በኢሚዳክሎፕሪድ ላይ ግን ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር፤ ሁለቱ ፀረ-ነፍሳት የአንድ ወገን ሆነው ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ “ባለፈው ቀላቅዬ ምንም አልሆነም” የሚለው ለዛሬው ድብልቅ ማስረጃ አይሆንም።

አንዳንዱ ድብልቅ ደግሞ ከፋብሪካው ተቀላቅሎ ይመጣል። ፕሮፌኖፎስና ሳይፐርሜትሪን በአንድ ጠርሙስ መሸጣቸው የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ የድብልቁ ጉልበት ከዚህ ይመጣል፣ ንቧንም በዚያው ጉልበት ይመታታል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በደቃቁ የሰፈሩትን የንጥረ ነገር ስሞች ማንበብ ያስፈልጋል።

የጠርሙሱን ቀለም ለንብ የተሰጠ ዋስትና አድርጎ ማየት

ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው መስመር ለሰው ያለውን አደጋ ያመለክታል። ማላታይን የተባለው ፀረ-ነፍሳት በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ሦስተኛ ክፍል፣ ማለትም ለሰው አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሰማያዊ መስመር ይሰጠዋል። ለንብ ግን እጅግ መርዛማ ነው። “ቀላሉን ነው የረጨሁት” የሚል ገበሬ እውነቱን ነው፤ ቀላልነቱ ግን ለእርሱ እንጂ ለንቧ አይደለም።

“አልቀላቀልኩም፣ በተለያየ ቀን ነው የረጨሁት” ብሎ መረጋጋት

እናንተ ባትቀላቅሉም ንቧ ትቀላቅለዋለች። ጠዋት ከሽንኩርቱ አበባ፣ ረፋድ ላይ ከጫቱ ሥር ካበበው አረም፣ ከሰዓት ደግሞ ከጎረቤት ማሳ ትቀስማለች፤ የሁሉም ቅሪት ቀፎው ውስጥ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ከንብ ቀፎዎች በተወሰዱ የሰም፣ የአበባ ዱቄትና የንብ ናሙናዎች ውስጥ 121 ዓይነት ፀረ-ተባዮችና ውላጆቻቸውን አግኝቷል። ሰም ቶሎ አይታደስም፤ የገባበትንም ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

ማታ መርጨት ብቻውን ይበቃል ማለት

ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ መርጨት ተገቢ ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉት ወደ ተክሉ ውስጥ ሰርገው እስከ አበባው ማርና ዱቄት ይደርሳሉ። እነዚህን ማታ መርጨት ያን ያህል አያድንም። አበባ በያዘ ሰብል ላይ ጭራሽ አለመጠቀም ነው የሚሻለው።

ጠቃሚ ነፍሳት ሲባል ንብን ብቻ ማሰብ

ክሽክሽ (አፊድ) የወረረውን የጎመን ቅጠል ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ከአረንጓዴዎቹ ክሽክሾች መካከል ቡናማ ሆነው ያበጡና የደረቁ ታገኛላችሁ፤ በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ከክሽክሹ ሆድ ውስጥ አድጋ የወጣች ደቃቅ ተርብ የተወችው ቀዳዳ ነው። እዚያው አጠገብ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ እየለቀመች ትበላ ይሆናል። እነዚህ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ድብልቁ ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው የሚያልቁትም እነርሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ያሳዝናል። የክሽክሽ እንስት ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሞቃት አየር በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ጥንዚዛዋና ተርቧ በዚህ ፍጥነት አይባዙም። ተባዩ ጠላቱ በሌለበት ማሳ ላይ እንደገና ይፈላል፣ ገበሬውም “መድኃኒቱ ደከመ” ብሎ ሦስተኛ ይጨምርበታል። ይህን አዙሪት ለመስበር ከርጭት በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት፣ ተርብ የበሳቸው ክሽክሾች በርከት ካሉም ጥቂት ቀናት መታገስ ይገባል።

ለንብ አርቢው ሳይናገሩ መርጨት

ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት፤ የምትረጩትንም በስሙ ጥሩለት። ንብ አርቢውም ቀፎውን ዘግቶ መዋል መፍትሔ እንዳይመስለው። በድሬዳዋ ሙቀት አየር ያጣ ቀፎ ውስጥ ያሉ ንቦች ሳይረጭባቸውም ያልቃሉ። ቀፎዎቹ የሚንቀሳቀሱ ከሆኑ ሌሊቱን ራቅ ወዳለ ቦታ መውሰድ ይሻላል። የማይንቀሳቀሱ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱ ጎረቤቶች ርጭቱን አበባው እስኪረግፍ ለማቆየት ይነጋገሩ።